«ስንሠራ ኖርን» ያሉኝን አያቴን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

«ጤና ይስጥልኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ያደግሁት ግን ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ አያቶቼ ዘንድ ነው። አባየ ባለፈው ዓመት አረፉ። ለሙት ዓመታቸው የእሳቸውንና የእምየን ኑሮ የያዘች ትንሽ መጽሐፍ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ ‹አንቺ ተምረሻል› ብሎ መርጦኛል። ለመጻፍ ስቀመጥ የሚመጣልኝ ግን የቅቤ ሽታ፣ የበዓል ዳቦና ከጥጆች ጋር መሯሯጥ ብቻ ነው። ሌላው የማስታውሰው፣ ሰዎች ባዶ ማሳችን ላይ ረጅም ገመድ ሲጎትቱና አባየ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ዝም ሲሉ ነው። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ገመዱን ተከትዬ እሮጥ ነበር።

«እምየ በሕይወት አሉ። ‹በዘመነ ዮሐንስ ተወለድሁ፤ ጎጃም ሲያምፅ የአክስትሽ አራስ ነበርሁ፤ አሁን ሰማንያ ሳይሆነኝ አይቀርም› ይላሉ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስማቸውን ይጽፋሉ። አሁን አሁን ግን ነገር ይረሳሉ። በስልክ ‹ታሪክዎን ይንገሩኝ› ስላቸው ‹ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ ስንሠራ ኖርን› ብለው ዝም ያሰኙኛል። እርሻውን የያዘው አጎቴ አባየ ደግ፣ ፍርድ አዋቂና ጎበዝ አራሽ እንደነበሩ ብቻ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ታላቋ አክስቴ ደግሞ ‹ከአራተኛ ክፍል አውጥቶ የዳረኝን ሰው አመስግኚ አትበሉኝ› ትላለች። መንገዱ እንደ ልብ ስለማይኬድ ሄጄ አጠገባቸው መቀመጥም አልቻልሁም። ምን ይሻለኛል?

የልጅ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ የልጅ ልጅ፣

የአባየን ነፍስ ይማር፤ ለእናንተም መጽናናቱን ይስጣችሁ።

እምየ መልስ የከለከሉሽ መስሎሽ ከሆነ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። «ስንሠራ ኖርን» ብለው መንገዱን አሳይተውሻል። በእሳቸው ዕድሜ ላለች የገጠር እናት ታሪክ ማለት የንጉሥ፣ የደጃዝማች፣ የዘመቻ ወሬ ነው፤ «እኔ ምን አለኝ» ሲሉ ለትሕትና አይደለም፣ የምርም የላቸውም። ያላቸው ሥራ ነው፤ ከልጅነት እስከ እርጅና፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሠሩት። እንግዲያው ታሪካቸውን መጠየቅ ተዪና ሥራቸውን ጠይቂ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር ማብራሪያ ነው።

ጥያቄሽ ጠባብ ይሁን። «የእርሻ ኑሮ እንዴት ነበር?» ካልሽ «ደግ ነበር» ወይም «መከራ ነበር» ተብሎ ያበቃል። ይልቅ ማሳዎቹን በስማቸው አስቆጥሪ። ገበሬ ስም የሌለው ማሳ የለውም፤ አንዱ በዛፍ፣ አንዱ በወንዝ፣ አንዱ ድሮ በያዘው ሰው ይጠራል። ከቤቱ በታች ያለው ማን ይባል ነበር? መጀመሪያ በሬ የሚገባበት የትኛው ነው? ጓያው የት፣ ኑጉ የት፣ ጤፉ የት ይዘራ ነበር? ከዚያ ወደ በሬዎቹ እለፊ። በሬም ስም አለው፤ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ጉራች እያሉ ሲጠሯቸው የሰው ልጅ የሚጠሩ ይመስላል። አንድ በሬ ብቻ የቀረበት ዓመት ነበረ ወይ? ያኔ ከማን ጋር ተቀናጁ? ሁለት ባለ አንድ በሬ ቤቶች በሬያቸውን አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የአንዱን አንድ ቀን የሌላውን ሲያርሱ፣ ያ መቀናጆ ከሁለቱ ቤት ፍቅርም ሊያተርፍ ይችላል፣ የማይበርድ ቂምም። ሁለተኛው በሬ በምን ሞተ ብለሽ ብትጠይቂ ደግሞ፣ ወይ የድርቅ ዓመት ይወጣልሻል፣ ወይ በሽታ፣ ወይ ዕዳ። የበሬ ሞት በገበሬ ቤት ተራ ነገር አይደለም።

አጎትሽ «ጎበዝ አራሽ ነበሩ» ይበል፤ እሱን አትከራከሪው። «ጎበዝ አራሽ በምን ይታወቅ ነበር?» ብለሽ ግን ያዢው። ያኔ ከምስጋና ወርዶ ወደ ዕውቀት ይገባል። ፈሩ እንዴት ይቀና እንደነበር፣ በሬ ሳይታከት ስንት ሰዓት ላይ ይፈታ እንደነበር፣ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ስንት ጊዜ ይታረስ እንደነበር ይነግርሻል። ጤፍ ልል መሬት ስለሚወድ አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጊዜም ይታረሳል፤ እያንዳንዱ እርሻ የራሱ ስም አለው፣ ስሙም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የመንደራችሁን ስሞች በቅደም ተከተላቸው ከአጎትሽ አፍ ያዢ። አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ መልስ ዕቃውን ፈትቶ፣ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ እርፉን፣ ድግሩን፣ ማረሻውን፣ ወገሉንና ምራኑን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ስሙን እየጠራና እየገጣጠመ ልጁ በስልክ ይቅረጽልሽ። ሞፈሩ ከምን ዛፍ ተቆረጠ? ምራኑ ከማን ከብት ቆዳ ነው? ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው?

በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ የአያቶችሽ እርሻ አንድ ክረምት አያድርም ነበር። መንደሩ ግን ሲንቃቸው፣ አብሯቸው ሳይጋባ፣ አንዳንዱም ቡዳ እያለ ሲሸሻቸው ኖሯል። ስለ አያቶቻችን ስንጽፍ እነሱን የምንዘላቸው በልማድ ነው። ማረሻውን ያሾለውን ሰው ስም ካገኘሽ ጻፊው፤ አባየ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ ቀርበው እንደሆነና እንዳልሆነም ጠይቂ።

አሁን ወደ እምየ። የሴት ሥራ ሲወራ ብዙ ጸሐፊ ጓዳ ገብቶ፣ የቡናውን ጭስ አሽትቶ ይወጣል። አንቺ ከወፍጮው ጀምሪ። ሞተር ወፍጮ ወደ አካባቢው ከመምጣቱ በፊት እህል የሚፈጨው በድንጋይ ነው፤ ሴቲቱ ወፍጮው ላይ ተንበርክካ መጁን በሁለት እጇ ወደፊት ትገፋለች፣ ወደኋላ ትስባለች፤ ክብደቷ ሁሉ እጇ ላይ ነው፣ ወገቧ እየተቆረጠ ሌሊቱ ይነጋል። እምየ ስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? እያረገዙ እስከ ስንተኛው ወር ፈጩ? መጀመሪያ የፈጨችላቸው ሴት ልጅ ማን ናት? ወፍጮ ላይ የሚያንጎራጉሩት ነገር ነበር? ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሞተር ወፍጮ የመጣበት ዓመት ለብዙ የገጠር ሴት ከመንግሥት ለውጥ ይበልጣል። እምየም ያን ዓመት አይስቱትም።

ደቦም እንዲሁ ነው። ሲወራ የምንሰማው የወንዶቹን ዘፈን ነው፤ ሃያ ሠላሳ አጫጅ ማልዶ ይመጣል፣ ይዘፍናል፣ ማሳውን ባንድ ቀን ጨርሶ ይሄዳል። ለእምየ ግን ደቦው የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ፣ ብቅሉ ሲበቅል፣ ጌሾው ሲወቀጥ፣ ጋኑ ሲታጠን ነው። ጠላው ቢቀጥን፣ እንጀራው ቢያንስ ስሙ የሚነሣው የማን ነበር? የአራሹ ነው የጋጋሪዋ? አውድማውንስ በእበት የሚለቀልቀው ማን ነው? ሴት ወደ አውድማ ትቀርብ ነበር? እዚያ የማይደረግና የማይባል ነገርስ ነበር? ነሐሴ ላይ ጎታው ሲጎድል፣ ገብሱ ገና እሸት ሳይሆን፣ ቤቱ በምን ይውል ነበር? ከማንስ ይበደሩ ነበር? ይህን የመሰለውን ሲጠየቁ «ምን ታሪክ አለኝ» የሚሉ አይመስለኝም።

በቅቤው ሽታም አትፈሪ። ልጅነትሽ ያስቀረልሽ ያንን ነው፤ ከእሱ ተነሥተሽ ሂጂ። ላሟ ማን ትባል ነበር? ቅሉን የሚገፋው ማን ነው? ቅቤውስ ይበላ ነበር ወይስ ይሸጥ? በብዙ ገበሬ ቤት ቅቤ ገበያ የሚወጣ ነገር ነው፤ ጨው፣ ጋዝ፣ የልጅ ልብስ የሚመጣው ከእሱ ነው። የአንቺ ቤት እንዲያ ከነበረ፣ አናትሽ ላይ የተደረገልሽ ቅቤ ከገበያ ቀርቶ ነው። ይህንን ስታውቂ ያው ትዝታ መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ክብደት ይኖረዋል።

የጊዜው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው፤ አንቺ ግን ከገመትሽው በላይ ይዘሻል። «በዘመነ ዮሐንስ» ማለታቸውን እንደ ዋዛ አትለፊው፤ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉና። ሒሳቡን ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረሽ ለአራት ታካፍያለሽ፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ጣሊያን ከወጣበት ከ1933 ወዲህ የዮሐንስ ዓመታት 1936፣ 1940፣ 1944፣ 1948 እያሉ ይሄዳሉ። «ጎጃም ሲያምፅ» ያሉት ደግሞ በ1960 የሆነው ነው፤ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገበሬው መሬታችን ሊለካብን፣ ርስታችን ሊነካብን ነው ብሎ የተነሣበት፣ አውራጃ ገዥዎች የተባረሩበት፣ በመጨረሻም ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ገዥነታቸው የተነሡበት ጊዜ። በዚያ ዓመት አራስ ከነበሩ 1948 አይሆንም፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይሆናሉ። የሚቀሩት 1936፣ 1940ና 1944 ናቸው፤ አራስ ሲሆኑ 24፣ 20 ወይም 16 ዓመታቸው።

እዚህ ላይ ቀስ በይ። ሰማንያ ማለታቸው ልክ ከሆነ 1936 ይቀርባል። ነገር ግን በዚያ ዘመን በዚያ አገር ሴት ልጅ በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ትዳር ነበር፤ አክስትሽ በእርግጥ የመጀመሪያዋ ከሆነች፣ በመካከል ያሉት ዓመታት የት ሄዱ? ወይ እምየ ዕድሜያቸውን ወደ ላይ አጠጋግተዋል፣ አዛውንት ይህን ያዘወትራል። ወይ ከአባየ በፊት ሌላ ትዳር ነበር፤ በጎጃም ገጠር ተፋቶ እንደገና መዳር ብርቅ አልነበረም። ወይም ከአክስትሽ በፊት ወልደው የቀበሩት ልጅ አለ። ይህንን በስልክ አትጠይቂ፤ ድምፅ እየተቆራረጠ «ሃሎ ሃሎ» እየተባባሉ የሚነገር ነገር አይደለም። አክስትሽ አጠገባቸው ስትሆን፣ እሷ መንገዱን ታውቅበታለች። ካልፈለጉ ይለፍ፤ በመጽሐፉ ላይ «በ1936 እና በ1944 መካከል፣ በዘመነ ዮሐንስ» ብለሽ ብትጽፊ ምንም አይጎድልበትም፤ ያልተረጋገጠ አንድ ዓመት ደፍሮ ከመጻፍ ይሻላል።

መርሳታቸው አያስደንግጥሽ፤ ግን አትዘግዪ። የሰው ልጅ ሲያረጅ አጥብቆ የሚይዘው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ድረስ ያለውን እንደሆነ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ትናንት ማን እንደመጣ የረሱት እምየ፣ ሲዳሩ የተጫኑባትን በቅሎ መልክ ሊነግሩሽ ይችላሉ። ስለዚህ የቅርቡን ለአጎትሽ ተዪና እሳቸውን ስለ ጉብዝናቸው ዘመን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ገመዱን በተመለከተ፣ ዕድሜሽን ወደኋላ ስቆጥረው ያየሽው የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ ሳይሆን አይቀርም። አምስት ወይም ስድስት ዓመትሽ ነበር። በዚያ ዓመት በአማራ ክልል መሬት ተለክቶ እንደገና ተከፋፈለ፤ ሰፋ ያለ ከያዘው ተቀንሶ መሬት ለሌላቸው፣ በተለይ ለወጣቶች ተሰጠ። በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበረው «የፊውዳል ርዝራዥ»፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር ላይ የነበረው «ቢሮክራት» ተብሎ ከሌላው ያነሰ ተተወለት። አባየ «ፍርድ አዋቂ» ነበሩ ተብለሻል፤ ምናልባት የገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ዳኛ ሆነው ነበር? አጎትሽን ጠይቂው፤ ያቺ ዝምታ ምን እንደነበረች የሚያውቀው እሱ ነው። ከተቆረሰው መሬት ላይ ማን እንደገባም ጠይቂ። ከገመዱ ወዲያ በዚያ ቀን የመጀመሪያ መሬቱን አግኝቶ እንቅልፍ ያጣ ጎረምሳ ነበር፤ ዛሬ ምናልባት አዋሳኛችሁ ነው። እሱም ቢጠየቅ አይጠላም።

ከዚህ በመነሣት ስለ መጽሐፉ ቅርጽ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ፦ ከልደት እስከ ሞት ከመሄድ አንዲት ማሳ ምረጪና የእሷን ታሪክ ጻፊ፤ ያቺ ገመድ የተጎተተባት ብትሆን ደስ ይለኛል። አስቀድሞ ርስት ነበረች። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠራል፤ አባየ የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም እስከ አቅኚው አባት ድረስ የሚቆጥሩት ለጌጥ አልነበረም፣ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ያን ቆጠራ ከእሳቸው ቀድቶ የያዘ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይቀረጽ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ፤ መሬት መሸጥ መለወጥ ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 10 ሄክታር ተባለ፣ ርስት ቆጥሮ መሟገትም ታሪክ ሆነ። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ቀጥሎ የእህል ኮታው መጣ፤ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህል ማስረከብ ግዴታ ነበር፣ ምርቱ ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር፤ ይህ እስከ 1982 ቆየ። የመንደር ምሥረታውም አለ፤ ቤታችሁ ከነበረበት ተነቅሎ ነበር? ከዚያ 1989። ይህን ሁሉ ያሳለፈችው ያችው ማሳ ናት። አንባቢው የመንግሥታቱን ነገር ከሌላ መጽሐፍ ያገኘዋል፤ ከአንቺ የሚፈልገው ያቺ ማሳ በየዘመኑ ምን እንደበቀለባትና ማን እንዳረሳት ነው።

ለዚህ አንድ ሰነድ ቤታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፦ የመሬት ይዞታ ደብተሩ። በክልሉ ደብተሩ መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ፣ የእያንዳንዱ ማሳ ስፋት በግምት፣ በአራቱም አቅጣጫ ማን እንደሚያዋስነው ተጽፎበታል። አጎትሽ ገጹን ሁሉ ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽ። የአዋሳኞቹን ስም ስታነቢ የመንደሩ ካርታ ፊትሽ ይዘረጋል፤ እምየንም «ይሄ ሰው ማን ነው?» ብለሽ በስም በስም መጠየቅ ትችያለሽ። የሁለቱ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያለበት ሌላ ቦታ ከሌለ ደግሞ ለመጽሐፉ ሽፋን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጊዜና ጉልበት ከተረፈሽ ብቻ፣ የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት በተጠቃለለበት በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ስለ ድሮ የአየር ፎቶግራፎች ጠይቂ፤ የአባይ ተፋሰስ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ከአየር ተነሥቷል፣ ምሥራቅ ጎጃምን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ተጠቅመውበታል። ለሙት ዓመቱ ግን ይህን አትጠብቂ።

የከበደው ነገር አጎትሽና አክስትሽ መካከል ያለው ነው። ለማስታረቅ ብለሽ «ደግ ነበሩ፣ ዘመኑ ግን ልማድ ነበረበት» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳትጽፊ። እንዲህ ያለው አነጋገር ሁለቱንም አያስደስትም፣ እውነትም አይደለም፤ በዚያው ዘመን ልጃቸውን ያስተማሩ ገበሬዎች ነበሩ። አባየ የሠሩትን ጻፊ፣ ፍርዱን ተዪው። ደግነታቸውም ቢሆን በተግባር ይምጣ፤ አጎትሽ «ደግ ነበሩ» ሲል ለማን፣ መቼ፣ ምን አደረጉ በይው። የአክስትሽ ትምህርት መቋረጥም እንደዚያው፦ በስንት ዓመቷ፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ ለማን፣ ስንት ከብት ማጫ ተሰጠ፣ እምየ ያን ጊዜ ምን አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር። አክስትሽ በ1960 ተወልዳ በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ገብታ ከሆነ፣ አራተኛ ክፍል የደረሰችው በ1970 ወይም በ1971 ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ደግሞ በ1971 ክረምት ነው። ግምቴ ከሠራ፣ እናቲቱ ፊደል መቁጠር የጀመሩት ልጅቱ ደብተሯን ከዘጋች ብዙም ሳይቆይ ነው። አባየ ሚስታቸውን ወደውና ፈቅደው ላኳቸው ወይስ የገበሬ ማኅበሩ አስገድዷቸው? እምየስ ከማን ጋር ያጠኑ ነበር? ምናልባት የሚያስጠናቸው ሰው ሲያጡ ልጃቸውን ጠርተው ይሆን? እኔ አላውቅም፤ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ግን በሕይወት አሉ። ይህ ከተገኘ የመጽሐፉ ልብ እዚህ ነው እላለሁ፤ ከ«ጎበዝ አራሽ» ምዕራፍ በፊት ይግባ።

አንድ ነገር ግን ድንበር አድርጊበት። ይህ የአክስትሽ ታሪክ ነው፤ ባለቤቷ እሷ ናት። እሷ ሳታነብ፣ «እንዲህ ይውጣ» ሳትል አንዲት መስመር እንዳትታተም። «በስሜ አይጻፍ» ካለች አይጻፍ። አጎትሽ ከተቆጣ ደግሞ በራሱ ስም፣ በራሱ አፍ ስለ አባቱ የሚለውን ሁለት ገጽ ስጪው። መጽሐፍሽ የልጆቹን የተለያየ ድምፅ ቢይዝ አይፈርስም፤ ለቤተሰብ ሲባል ሁሉም ባንድ ቃል የሚያመሰግንበት የሙት ዓመት መጽሐፍ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ ከተዝካሩ በማግስቱ ማንም አይገልጠውም።

ስለ አቀራረጹ አጭር ነገር ልበልሽ። መሄድ ካልተቻለ የአጎትሽ ልጅ እጅሽ ይሁን። ስልኩን «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ያድርገው፣ የሚደወል ጥሪ ቀረጻውን እንዳያቋርጠው፤ ከእምየ ክንድ ርቀት ላይ ያስቀምጠው፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና እዚያ ያለውን ሰው ስም ይናገርበት። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አያድክማቸው። ቁጭ አድርጎ እንደ ምስክር ከመጠየቅ እህል ሲለቅሙ፣ ቡና ሲጠጡ ቢሆን ይሻላል፤ እጅ ሲሠራ አፍ ይፈታል። ዝም ካሉ ዝም ይበል፤ ልጆች ዝምታ ስለሚያስጨንቃቸው ቶሎ ሌላ ጥያቄ ይደረድራሉ፣ ይህን አስቀድመሽ ምከሪው። ጥያቄዎቹን በጽሑፍ ላኪለት፤ ባንድ ጊዜ ከሦስት አይብለጡ። የተቀረጸው እንደደረሰሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ አንዱ ከስልክሽ ውጪ ይሁን። ስትገለብጪውም የጎጃም አነጋገራቸውን ወደ አዲስ አበባ አማርኛ አታቃኚው።

ለሙት ዓመቱ ሁሉም ላይደርስ ይችላል። አይድረስ። ለዚያ ቀን ማሳዋን፣ የበሬዎቹን ስም፣ የሁለቱን ፎቶግራፍና የዘር ቆጠራውን የያዘች ቀጭን እትም ይበቃል፤ መጨረሻዋ ላይ ጥቂት ባዶ ገጽ ተዪላት። ተዝካር ላይ የሚሰበሰበው ዘመድ አንብቦ «ይህቺስ ተሳስታለች፣ ያ በሬ የተገዛው ከደጀን ነው» እያለ ያርማልና፣ እርማቱን የሚጽፍበት እስክሪብቶም አዘጋጂ። ዋናው መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያውን ስልክ ግን ለእምየ አትደውዪ፤ ለአክስትሽ ደውዪ። ስለ አባቷ አታንሺባት። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋን ስም ታስታውስ እንደሆነ ጠይቂያት።